ፋናስ ከዕድገቱ አትቆጠርም?

ይድረስ ለወንድሜ ለአምሃ፤

ሰላምታዬ አንተንም ቤተሰብህንም በደህና ያግኛችሁ። ጤናህ እንዴት ነው? የእማዬ ደም ግፊትስ ረገበላት? ልጅህ ማቲስ ትምህርቱን ወደደው? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ንዴቱን ሳልጨምር።

የተናደድኩት በአንተ ነው። ታናሿ እህታችን ፋና ትናንት ደወለችልኝ። መንገድ ዳር የምትሸጠውን የልጆች ልብስ ደንብ አስከባሪዎች ከነሸራው ወስደውባታል። አንተ ዘንድ ብትመጣ፣ «መደበኛ ያልሆነ ንግድ የአገርን ዕድገት ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ፈቃድ አውጪ» ብለህ ሸኘሃት። ጎሽ፣ የኢኮኖሚ ባለሙያ! ፈቃድ ልታወጣ ስትሄድ የሱቅ ኪራይ ውል አምጪ አሏት። ሱቅ የምትከራይበት ቢኖራትማ ፀሐይ ላይ ምን ያስቀምጣታል?

እኔም እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳምቡሳ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እሸጥ ነበር። አንድ ቀን የጤና ኢንስፔክተር መጣና፣ መኖሪያ ቤት የተሠራ ምግብ አይሸጥም ብሎ ትሪውን እንዳለ ቆሻሻ ውስጥ ገለበጠው። ሰው ፊት አለቀስኩ። ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ዓለምፀሐይ ወጥተው እጄን ያዙኝና፣ «እኔም የጀመርኩት መኪናዬ ውስጥ በርበሬ እየሸጥኩ ነው። ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤቴ ባዶ ነው፤ እዚህ ጥበሺ» አሉኝ። የመሸጫ ፈቃዱን፣ ፐርሚቱን፣ ላወጣ መሀል ከተማ ስሄድም አብረውኝ ተሰለፉ። ዛሬ ታክስ እከፍላለሁ፤ አንዲት የልጆች እናትም ቀጥሬያለሁ። መግቢያውን ያሳየኝ ሰው ባይኖር ኖሮ እስካሁን ከኢንስፔክተር ጋር ድብብቆሽ ላይ ነበርኩ።

ደግሞስ ዕድገት የምትለው ከየት የሚመጣ ይመስልሃል? ፋና ከጅምላ ነጋዴ ትገዛለች፣ የቤት ኪራይ ትከፍላለች፣ የእማዬን መድኃኒት የምታመጣውም እሷ ናት። መሥሪያ ቤት በምትጽፈው ሪፖርት ላይ ግን እንቅፋት ናት! አሁን ምን አለችኝ መሰለህ? ፓስፖርት አውጥታለች፤ ቤይሩት ሰው ቤት ልትሠራ ነው። እሷን አባርረን ነው የምናድገው?

ስማኝ፤ እማዬ ግቢ ውስጥ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል በመጻሕፍትህ ሞልተሃታል። ወደ ሳሎን አውጣቸው። በመንገዱ በኩል በር ይውጣላትና እማዬ የኪራይ ውሉን በፋና ስም ትፈርም። ከዚያ ሰኞ ሥራ አትግባ፤ አብረሃት ሄደህ ተሰለፍ። «ጊዜ የለኝም» እንዳትለኝ፤ እትዬ ዓለምፀሐይ ለባዕድ ልጅ ጊዜ ነበራቸው።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ለባለቤትህ ለኤልያና ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ማቲን ጉንጩን ሳምልኝ። ፋናን ግን መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቃት፤ ከዚያ ሳማት።

እህትህ ውብነሽ
ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሎስ አንጀለስ
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.