ቤተ ክርስቲያን የሌለበት ጫካ

ሐሙስ፣ ሰኔ 3 ቀን 1974

የእረፍት ቀኔ። ከአገሬ ልጅ ከጽጌረዳ ጋር ቪያ ቮልቱርኖ መንገድ ላይ ምሳ በላን፣ ሰው አማን። ስመለስ ጣሊያናዊቷ አሠሪዬ ሲኞራ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በቅርንጫፍ ሞልተውታል። ጡረታ የወጡ የዛፍ ፕሮፌሰር ቤት ሠራተኛ መሆን… ሲጠርጉ መዋል ነው።

«ቱጋ ይባላል፣ የአሜሪካ ዛፍ» አሉኝ። ቅጠሉ አጭር፣ ከሥሩ ሁለት ነጭ መስመር። ድሮ ከጥድ ጋር በተራራ ወንዝ ዳር ተተክሎ ጫካ ሆኗል። የመሬቱ ባለቤት በመስከረም ሊያስቆርጠው ነው። ማንም ሳይተክለው ከዘሩ በራሱ የበቀለ ችግኝ ከተገኘ ግን የደን ሹሞች እንዳይቆረጥ ይከለክላሉ። የሲኞራ ጉልበት ደግሞ ዳገት እምቢ ብሏል።

«እኔ ልውጣልዎት?» አልኩ። ምን አስለፈለፈኝ?

እሑድ፣ ሰኔ 6

ጽጌረዳ ሳቀችብኝ። «ሐሙስሽን ለዛፍ? አሎራ፣ እንግዲህ አብደሻል!»

ትሳቅ። ደርግ ዘመቻ የላከን ጊዜ ሦስት መቶ ችግኝ ተክለን አንድም አልጸደቀም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 10

ከተራራው አሁን መግባቴ ነው!

ሲኞራ መኪናው ውስጥ ቀሩ። ወንዙን ይዤ ሁለት ሰዓት ወጣሁ… ምንም። ከዚያ ከላይ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ታየኝ። ቤተ ክርስቲያን! አገራችን እንዲህ ያለ ደን ሌላ የት አለ? ሹራቤን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ተሳልሜ፣ ጫማዬን ደጅ አውልቄ ገባሁ። መቅደሱን ብፈልግ ብፈልግ… ወንዙ ብቻ። አፈርኩ፣ ብቻዬን ሳቅሁ።

ልመለስ ስል ባዶ እግሬን አንድ ለስላሳ ነገር ነካው። የበሰበሰ ግንድ። ላዩ ላይ ጣት የማያህሉ ችግኞች! ቅጠሉን ገለበጥኩ… ሁለት ነጭ መስመር! አሥራ አንድ ናቸው። ጫማ ባደርግ ኖሮ ጨፍልቄያቸው አልፍ ነበር።

«ሲኞራ! ጸድቋል!» እያልኩ ቁልቁል ሮጥኩ። በአማርኛ ነው የጮህኩት። ገባቸው፣ አለቀሱ።

ዓርብ፣ ሰኔ 11

ጫማዬ እዚያው ቀረ። ደስታ አያደርገው የለም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 1

ሦስት የደን ሹሞች መጡ። ሲኞራ እኔን ተደግፈው፣ አምስቴ አርፈው ወጡ። ጫካው አፍ ላይ ጫማዬ ቁጭ ብሏል። ሲኞራ ከጎኑ የራሳቸውን አወለቁና ሹሞቹን ዞር ብለው አዩ። ሦስቱም ጫማቸውን አወለቁ!

«ማን አገኘው?» አለ ትልቁ ሹም።

«አሲስቴንቴዬ» አሉ ሲኞራ። ረዳቴ ማለታቸው ነው! ቀና ብዬ ቆምኩ።

አይቆረጥም። ፈርመዋል! ከእንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ ችግኝ እለካለሁ። ጽጌረዳም እመጣለሁ ብላለች። ቫ ቤኔ፣ እሺ ትምጣ… ጫማዋን ግን ታወልቃለች።