ሃያ ሰባቱና አራት መቶው

ዲላ፣ ጥር 14 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለረህማ
ምሥራቅ ጀርመን

አሰላሙ ዓለይኩም። ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ትምህርቱስ? እኔም ትንሹ ወንድማችን ነዚፍም በአላህ ፈቃድ ደህና ነን። ለፎቶ ቤቱ የላክሽልኝ ፊልምና ደብዳቤሽ ደርሰውኛል፤ የፖስታው ሙጫ ግን ገና አልደረቀም ነበር። ከኔ በፊት ላነበበው ወገን በዚህ አጋጣሚ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ምን ነክቶሽ ነው እንደዚያ ብለሽ የጻፍሽው? «ሃያ ሰባቱ ከአራት መቶው አያንሱም፤ እኩል ፈጣን ናቸው፣ ጨለማ ውስጥም ይሠራሉ።» በሦስተኛው ቀን ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ጓድ ወልዱ የደብዳቤሽን ግልባጭ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው «ሃያ ሰባቱ እነማን ናቸው?» አሉኝ።

የፊልም ቁጥር ነው ብል ማን ይስማኝ። ያንቺንና እኔ ጋ የነበረውን የአሜሪካን ፊልም ካርቶኖች አምጥቼ አሳየኋቸው፤ ጀርመኖች የፊልሙን ፍጥነት ሃያ ሰባት ብለው ሲጽፉ አሜሪካኖች ያንኑ አራት መቶ ይሉታል። እውነቱን ልንገርሽና፣ እኔም ደብዳቤሽን እስካነብ ድረስ ቁጥሩ ሲያንስብኝ የማይረባውን መርጠሽ የላክሽልኝ መስሎኝ ተቀይሜሽ ነበር።

ጓድ ወልዱ ግን አላመኑም። እሁድ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ አለ፣ ያለ ፍላሽ በሁለቱም አንሳና እኩል መሆናቸውን አሳየኝ አሉ። ፎቶው መፈክር ሲባል ግራ እጁን የማያነሳውን ለመለየትም ይጠቅማል አሉ።

በሁለት ካሜራ አነሳሁ። ነዚፍ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከመምህር ሽብሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ በካሜራው ቀዳዳ በደንብ ታይቶኛል። ግራ ትከሻውን እንደሚያመው ታውቂያለሽ። ካላወቅሽም አሁን እወቂ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የኔ ዝርክርክነት ነው። የአሜሪካኑን ሳጥብ የጨለማ ክፍሉን በር መቀርቀር ረሳሁና ብርሃን ገብቶበት አንድም ፊት አልተረፈም። ያንቺን ደግሞ በጣም በሞቀ መድኃኒት አጠብኩት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቴርሞሜትር ሳላይ ፊልም ነክሬ አላውቅም። ፊቱም እጁም የተበተነ ጤፍ መስሎ ወጣ። የጀርመኑ መጥፎ ነው እንዳልል የወዳጅ ሶሻሊስት አገር ዕቃ ነው፤ ጥፋቱን በዲላ ውሃ ሙቀት አሳበብኩ።

ጓድ ወልዱ ሁለቱንም ወደ መስኮቱ አዙረው አዩ። ከፎቶዎቹ ይልቅ እኔን ብዙ አዩኝ።

«እውነትም እኩል ናቸው» አሉ፤ ደብተራቸው ላይም አንድ ነገር ጻፉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከፎቶ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ሰው ያንኑ ጋዜጣ ሲያነብ ይውላል። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ቆንጅትም ትናንት «ነዚፍን ትከሻው ተሻለው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ለሰው አልተናገርኩም፤ ማን ነገራት? አዝናልን ይሁን ተልካ፣ ፊቷን አይቼ መለየት አቃተኝ። ሰው መጠርጠር እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር።

ቀጣዩ ስብሰባ የካቲት ማለቂያ ላይ ነው፤ ፎቶ አንሺው አሁንም እኔ ነኝ። ነዚፍን እስከዚያ ይሻልሃል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ አይሻለኝም አለ። ልጁን ታውቂዋለሽ። እኔ ግን በትከሻው ምክንያት እህል አልበላ ብሎኛል።

ስለዚህ ፊልሙን ቶሎ ላኪልኝ። የተሻለ መጥቷል ቢሉሽ እንዳትሰሚያቸው፤ ያንኑ ሃያ ሰባቱን።

አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛንም እዚህ ይሰውረን።

ወንድምሽ ኸድሩ