በካልሲ የተሸፈነ ሂና

እሑድ፣ ጥር 5፣ ከቀኑ 11፡00

ሰ. አሁን ወጣች። ተኳርፈን። ሙሉ ስሟን አንቺም ላይ አልጽፍም፣ ደብተሬ፤ ሰው እጅ ብትገቢ ጣጣው ለኔ ብቻ ይሁን።

የአዲስ አበባዋ አጥኚ በስልክ የላከችውን መጠይቅ ስንሞላ ዋልን። ወንድ ተብለን ላደግን ሴቶች ምን ያህል አለኝታ አለን? እሱን ነው የምትለካው። ስታዝኚ የሚያጽናናሽ ዘመድ አለ ወይ፣ ምናምን። መልሱ ከ«በጭራሽ» እስከ «በጣም»። እኔ ዘመድ የሚለው ላይ ሁሉንም «በጭራሽ» አልኩ። እሷም እንደኔ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። «በጣም» አለች። ደጋግማ! አጎቶቿ መቼ ነው የምታገባው እያሉ የሚያፋጥጧት የቀብሪበያ ልጅ። ዋሽታለች።

ሰኞ፣ ጥር 6፣ ቢሮ፣ ምሳ ሰዓት

አልዋሸችም። ትናንት የደበቅሁሽ አለ። ምንጣፉ ላይ ስትቀመጥ ካልሲዋን አወለቀች። ውስጥ እግሯ ሂና። አበባ በአበባ። በዘመድ ሰርግ ሴቶቹ ሲቀቡ ሀበርያሯ፣ የእናቷ እህት፣ ጓዳ ጠርታ ቀባቻት። መዳፍ ላይ ቢሆን ወንዶቹ ያያሉ። ውስጥ እግርን ግን ካልሲ ይሸፍነዋል።

ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም። እዚሁ ጅጅጋ ተወልጄ ስንት ሰርግ አሳለፍኩ፤ ድንኳን ስተክል፣ ወንበር ስሸከም። ማን ጓዳ ጠራኝ? የሰው ወርቅ አያደምቅ አልኳት። አክስትሽ አዝናልሽ ነው፣ ምጽዋት ነው አልኳት። ሻሂዋን ሳትጨርስ ተነሳች። ይዛ የመጣችውን ፌስታል እንኳ ረስታ።

ረቡዕ፣ ጥር 8

አጥኚዋ መልሱን ላኪ አለች። ላክሁ። የሰ.ን «በጣም» ሁሉ «ትንሽ» አድርጌ። እኩል እንድንሆን። የተዋደድነው እኮ ሰው የለንም እየተባባልን ነው። አሁን እሷ አላት።

ስልክ አታነሳም። ደግ አደረገች። እኔም አልደውል። አራቴ ደወልኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 9፣ ጠዋት

ፌስታሉን ልልክላት ብዬ ከፈትሁት። የሂና ዱቄት። አዲስ ወፍራም ካልሲ። የሷ እግር ትንሽ ነው፤ ካልሲው በኔ ልክ ነው።

ምንድነው ብዬ ጻፍኩላት። በድምፅ መለሰች፣ ቀዝቀዝ ብላ፦ «ሀበርያር ናት የላከችልሽ። ያቺ የጅጅጋዋ ጓደኛሽ የሚቀባት ከሌለ አንቺ ቀቢያት አለችኝ። እሑድ ልቀባሽ ነበር የመጣሁት።»

ስለኔ ነግራታለች ማለት ነው። መጀመሪያ ደነገጥሁ። ከዚያ አለቀስኩ። የማላውቃት ሴትዮ የእግሬን ልክ ጠይቃ፣ እኔ ምጽዋት አልኩ።

ያው ቀን፣ ከቀኑ 9፡00

ለአጥኚዋ ደውዬ ያደረግሁትን ነገርኳት። የሰ.ን መልስ እንደነበረው መለሰችው። ያንቺስ ይቀየር ወይ አለችኝ። ነገ እነግርሻለሁ አልኳት።

መናኸሪያ ነኝ። ካልሲውን አድርጌዋለሁ፣ ዱቄቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የቀብሪበያው ሚኒባስ እየሞላ ነው። ረዳቱ ወንድሜ ግባ፣ ግባ ይለኛል። ይበል። እሷ በሩን ከከፈተችልኝ እግሬን እሰጣታለሁ። ካልከፈተችልኝ ደጇ ላይ ቁጭ ብዬ... ሞላ፣ ልግባ።