ጨው የማትበላው ማሽንና ሱፊያ

ለምወድሽ እህቴ ለመሀቡባ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ እታለሜ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ያ የክረምቱ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ያንገላታሻል? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ ሳይቀር እንዴት ከረማችሁ? ይህ ኮሮና የሚሉት በሽታ እናንተ ጋ ደጋን ከተማ ገባ ሲሉኝ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር፤ ደህና ነን ያልሽኝ ቀን ነው ጉሮሮዬ የተከፈተው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁና ከአንድ ሌላ ነገር በቀር። ያን ሌላ ነገር በስልክ እንዳልነግርሽ ከሱፊያ ጋር የምንተኛው አንድ ክፍል ነበር፣ ትሰማኛለች ብዬ ተውኩት። አሁን አየር ማረፊያው ተከፍቶ ያ የአገራችን ልጅ ሰላሀዲን ወደ አገር ሲገባ ይህን ደብዳቤ በእጁ ላኩልሽ።

ሱፊያ በሽታው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው እዚህ ቤት የተቀጠረች የባቲ ልጅ ናት። ገና ለጋ፣ ትንሽ የተማረች፣ አረብኛውን በጥቂት ወር ያንበለበለችው። እኔ ስምንት ዓመት በኖርኩበት ቤት እሷ አንድ ረመዳን አሳልፋ "ሱፊያ ሐቢብቲ"፣ ውዴ ትባላለች። እኔ ዛሬም "ከሪማ፣ ያላ!" ነኝ።

ነገሩ የመጣው በውሃው ነው። የዚህ አገር ውሃ ሲደርቅ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ቧንቧው ላይ፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ይጋገራል፤ ግድግዳ ውስጥ ያለውንም ቱቦ ያጠበዋል። ለዚያ ብለው ከጓሮ ጨው በጆንያ የሚገለበጥለት፣ ኖራውን ከውሃው የሚያወጣ ማሽን ነበራቸው። ማጉረሱ የኔ ሥራ ነበር። መዳም ለእንግዳ ሁሉ "ከከሪማ በቀር ማንም አይነካውም" ስትል ደረቴ ይነፋ ነበር። ምን ይደረግ፣ ሰው በጨው ጆንያም ይከበራል።

መንገድ ሲዘጋ ጨው ማፊ፣ የለም ሆነ። ማሽኑ ተራበ፤ እኔ ቧንቧውን በሆምጣጤ ስፈትግ ጣቴ ተላጠ። ያቺ ደግሞ ስልኳን ጎርጉራ ለመዳም ባል ለባባ "ጨው የማይፈልግ አለ፣ ውሃው ወደ ቤት በሚገባበት ቱቦ ላይ የሚገጠም" አለችው። በዚህችው ቃል ባባ ስልክ አነሳ።

የመጣው ኢንጂነር ኢሳይያስ የሚባል የኛው አገር ሰው ነው። አማርኛ በመስማቴ ደስ ብሎኝ ጠጋ ስል "ማዘር፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ፣ ርቀታችንን እንጠብቅ" አይለኝም? አርባ ሦስት ዓመቴ እኮ ነው! ሱፊያን ግን "ነይ እስቲ፣ ቀረብ ብለሽ እይው" አላት። ርቀቱ የታዘዘው ለእኔ ብቻ ነው መሰለኝ። ተናድጄ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ያስረዳትን አልሰማሁም። አሮጌውን ማሽን ከነጨው በርሜሉ አውጥተው ደጅ ሲጥሉት "ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ" የሚባለው ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ። በዚያው ሰሞን ዋዲ ዓዳይ የሚባል ሰፈር ያለችው የመዳም ልጅ ወልዳ፣ ከሁለታችን አንዳችን ወደ እሷ እንደምንሄድ ተወራ። የምትወጣው እኔ እንደሆንኩ ታወቀኝ። በዚህ ዕድሜዬ የሰው ቤት ዳግም እንደ አዲስ ልለምድ!

ጥቂት ሳምንት ቆይቼ ማንቆርቆሪያውን ብከፍት ምን ባይ ጥሩ ነው? ነጭ! ብርጭቆውም ላይ ነጭ! እልል ማለት ነው የቀረኝ። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ምሳ ላይ ሳሉ ገባሁና ሱፊያን እያየሁ "መዳም፣ ይህ ማሽን ከዛብ፣ ውሸታም ነው! የባባን ፍሉስ፣ ያን ሁሉ ገንዘብ በከንቱ አስበላችው!" አልኩ። መዳም ጣቷን ወደ ውስጥ ሰደደች፤ ነጩ እንደ ዱቄት ተጠርጎ ወጣ። ሱፊያ ቀስ ብላ "እትዬ ከሪማ፣ ሰውየው ነግሮን ነበር እኮ። ኖራውን ከውሃው አያወጣውም፣ እንዳይጣበቅ ነው የሚያደርገው። በጨርቅ ይለቃል" አለችኝ፤ ለእነሱም በአረብኛ ደገመችው። መዳም "ከሪማ፣ የማሽኑ ጣውንት ነሽ እንዴ?" ስትል ማዕዱ በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ ወደ ዋዲ ዓዳይ የምትሄደው ሱፊያ ናት ተባለ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? አላለኝም! ለካ የመዳም ልጅ "እኛም ሕንፃ ቱቦው ተደፍኗል፣ ያቺን ብልህ ላኪልኝ" ብላ የሱፊያን ስም ጠርታ ለምናለች። መዳም እኔን "አንቺማ የቤቱ ነሽ" አለችኝ፤ እንደ ቁም ሳጥኑ ማለቷ ይሆን? እሷ ተፈልጋ ሄደች፣ እኔ ተርፌ ቀረሁ። ሙሐባ፣ የጎረቤታችን ሠራተኛ፣ "ቀረሁ ብለሽ ታለቅሻለሽ፣ ሂጂ ብትባይም ታለቅሺ ነበር" ብላ ስቃብኛለች። ትሳቅ።

ሱፊያ ትናንት ሻንጣዋን ስታስር "እትዬ፣ እዚያ የማዋየው ሰው የለኝም። እናት እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። አርብ አርብ ለመሀቡባ ልደውል?" አለችኝ። ምን ልበል፣ "ደውይ" አልኳት። ስትደውል አንሺላት፤ ክፉ ልጅ አይደለችም፣ የሚያነድደኝም እሱ ነው። ግን አደራሽን፣ "ልጄ" በያት እንጂ "እህቴ" እንዳትያት። ይህቺ ቃል እንኳ ለእኔ ብቻ ትቅርልኝ።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ዱዓዋ አይለየኝ። ባልሽን ነስረዲንን፣ ሃያትን፣ ትንሹንም ጥርስ ያበቀለውን በየስማቸው ሰላም በይልኝ። ጎረቤታችን እትዬ አሰገደች እግራቸው ደህና ሆነ? ወሬያቸው ናፍቆኛል በያቸው። አላህ በደህና ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትሽ ከሪማ
አል ኹድ፣ መስከት
ጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም.