የሻረግ፣ ዓይንሽን ሊሸጡት ነበር

ይድረስ ለባለቤቴ ለየሻረግ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ከቤታችን የወጣ ይፋዊ መግለጫ አለና ጸጥ ብለሽ ስሚ። አውራ ዶሮሽ፣ ያ ጎረቤቱ ሁሉ የሚረግመው ቀዩ፣ ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በጓሯችን ውስጥ መደበኛ ሥራውን በማከናወን ላይ ሳለ በሁለት ካሜራ ፎቶ ተነሥቷል። በአንደኛው ፎቶ ላይ ጭንቅላት የለውም። ጉዳዩ እየተጣራ ነው። ዶሮው በጥሩ ጤንነት ላይ ይገኛል፤ ጠባዩ ግን አልተሻሻለም።

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገባ፣ ሻረጌ። ጉሙ እንደ ድሮው ሳያንኳኳ ቤት ይገባል። እንጅባራ ሰፍታልሻለች፤ አንቺ ግን አሁንም በድሮ ስሟ ቆሰበር ብለሽ እንደምትጠሪያት አውቃለሁ። በራችን ድረስ ድንጋይ ተነጥፎ ባጃጅ ይመጣል። ጉልበቴ እንደተውሽው ነው። እጅሽ ላይ ያደገችው የልጅ ልጃችን ቤዛ የከተማው ሙሽራ ሁሉ የሚጠራት ፎቶ አንሺ ሆናለች። ስሜን የሚጠራኝ ጠፍቶ «የፎቶ አንሺዋ አያት» ሆኜ ቀርቻለሁ። ሠላሳ ዓመት የቀበሌ ጸሐፊ የነበርኩ ሰው!

አሁን ወደ ድንጋጤው ልምጣ።

ቤታችን ኔትወርክ የሚይዘው እንጨት ክምሩ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ቤዛ እዚያ ላይ ወጥታ ዳንግላ ደውላ ትጮኻለች። እኔ ከክምሩ ሥር ጎንበስ ብዬ ጎመን እቀነጥሳለሁ። እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «አዎ፣ የአያቴን ዓይን ነው የምልህ። ንጹሕ ነው፣ አንዲት ጭረት የለውም። እሷ ከሞተች ወዲህ ብዙም አልነካሁትም። ዳንግላ ድረስ በጨርቅ ጠቅልዬ አመጣልሃለሁ።»

ጎመኑን እንደያዝኩ በቁሜ ደረቅሁ። ዓይን የሚለግሱ ሰዎች እንዳሉ በሬድዮ ሰምቼ ነበር፤ ግን ያንቺን ዓይን የከደንኩት እኔ አይደለሁ? በዚህ በቀኝ አውራ ጣቴ። መቼ ነው ያወጡት? እኔ የት ሄጄ? ላቤ በብርዱ መሃል ፈሰሰ። «የማንን ዓይን ነው የምትሸጪው አንቺ!» ብዬ ስጮህ ዶሮው አጥር ዘለለ፣ ጎረቤት በመስኮት ብቅ አለ፣ ቤዛ ከነስልኳ ከእንጨቱ ላይ ተንሸራታ ወረደች። ነገሩ ሲገባት ደግሞ ሆዷን ይዛ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። አንቺ ስትስቂ እንደምትሆኚው፣ ድምፅ ሳይወጣት።

ቤት ገብታ በአሮጌ ሻሽሽ የተጠቀለለች፣ መዳፍ ላይ የምትያዝ፣ ጥቁር ቀለበት ያላት መስታወት አምጥታ አሳየችኝ። የካሜራ ሌንስ ናት። «እማማ ናት የገዛችልኝ» አለች። የመጀመሪያዋ ካሜራዋ በጨለማ አልታያት ስትል አንቺ «ዓይኗ ደካማ ነው፣ ሌላ ዓይን እንግዛላት» ብለሽ፣ ከዚያ ወዲህ ስሟ በሁለታችሁ መሃል ዓይን ሆኖ ቀረ። «ለአባባ እንዳትነግሪ፣ ዕድሜ ልኩን ሲቀልድብኝ ይኖራል» ብለሻት ነበር። ልክ ነሽ። እኖር ነበር።

በምን ገዛችው ብዬ መጠየቄ ነው ጥፋቱ። ለካ መካን ናት ብለሽ ባሸጥሽኝ በዚያች ጊደር ዋጋ! ሻረጌ፣ እኔ ነኝ እኮ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ድረስ የነዳኋት። መንገዱን ሙሉ «አይዞሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» እያልኩ ሳጽናናት ነበር። ያ ሁሉ ማጽናኛ! ለገዛት ሰውዬ ሁለት ጊዜ ወልዳለታለች አሉ። ኀምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ትዳር ውስጥ ቀልደኛው እኔ ነኝ ብዬ ስኩራራ ለካ አንቺ ዝም ብለሽ ቀልዱን ትሠሪብኝ ኖሯል።

ታዲያ ለምን ትሸጪዋለሽ አልኳት። የሚያስጨንቃት ነገር እዚህ ላይ ነው። ያቺ የመጀመሪያዋ ካሜራ ደክማለች። አዳራሽ ውስጥ ሙሽራውን ጥላ ታስመስለዋለች፤ ፈረሰኞቻችን በበዓል ሲጋልቡ ደግሞ ቁልፉን ተጭና እስክታነሣ ፈረሱ አልፎ ትርፉ አቧራ ነው። ባለፈው አንድ ሙሽራ ፎቶው ጨልሞበት ሚዜዎቹን በፊታቸው ሳይሆን በጫማቸው ነው የለያቸው። ስለዚህ ከፍ ያለ መግዛት አለባት፤ ካልገዛች ሥራው ከእጇ ይወጣል። ችግሩ የቱን ነው።

ሁለት ዓይነት አለ። ስማቸው ለምላሴ እምቢ ስላለኝ በማንገቻቸው ቀለም ቀዩና ቢጫው እላቸዋለሁ። የከተማው ፎቶ አንሺ ሁሉ ለሁለት ተከፍሏል፤ በአንድ ጠረጴዛ ሻይ አይጠጡም ማለት ይቻላል። ቀዮቹ «የእኛ የሰው ፊት ያሳምራል» ይላሉ። ቢጫዎቹ «የእኛ ጨለማ ይበሳል» ይላሉ። እኔ የእጅ መብራት ነው ወይ ብዬ ጠይቄ ተኮርፌአለሁ። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ የቀዩ ዓይን ለቢጫው አይገጥምም፣ የቢጫውም ለቀዩ። ቀለበቱ ይለያያል። ያንቺ ዓይን ደግሞ የቀዩ ናት።

ዳንግላ ላይ ስልክና ካሜራ የሚሸጠው ሰይድ ብዙ ያልተሠራበት ቢጫ አለው፤ አሮጌዋን ካሜራና ዓይንሽን ተቀብሎ ሊለውጥላት ተስማምቷል። እዚሁ ከተማችን ደግሞ ሥራ የተወች አንዲት ፎቶ አንሺ ቀይ አላት። ቀዩን ከገዛች ዓይንሽ ቤት ትቀራለች፤ ቢጫውን ከወሰደች ዓይንሽ ዳንግላ ትወርዳለች። ቤዛ ቢጫውን አስባ ነበር፤ ዘንድሮ ሰርጉ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ አዳራሹ ሁሉ ጨለማ ነው።

ሁለቱንም ለመሞከር በውሰት አመጣች። ለዚህ ነው ዶሮው ዜና ውስጥ የገባው፤ የሚሮጥ ነገር ያስፈልግ ነበር፣ ፈረስ ከየት ይምጣ። እኔ አባርሬው እሷ አነሣች። ጭንቅላት የሌለው ፎቶ የካሜራው ጥፋት አይደለም፤ እኔ ነኝ በዱላዬ የጋረድኩት። ከዚያ በኋላ እኩል ናቸው አለች። እኩል መሆናቸው ይበልጥ አስጨነቃት። «አባባ፣ እርስዎ የትኛውን ይላሉ?» ስትለኝ «ሥራው ያንቺ ነው፣ የሚበጅሽን አንቺ ታውቂያለሽ» ብያት ዝም አልኩ። አዎ፣ እኔ ዝም አልኩ። አትገረሚ።

በማግስቱ «የሰው ፊት ቀርቶኛል፣ እስኪ በሩ ላይ ይቁሙልኝ» አለችኝ። ያንቺን ዓይን ቀዩ ላይ ገጠመችና መጨረሻ ጊዜዋ ነው ብላ ወለወለቻት። እኔ ደፉ ላይ ቆምኩ። ቤት ውስጥ፣ ከኋላዬ ምሰሶው ላይ፣ አጥቤ እንዲደርቅ የሰቀልኩት ነጠላሽ ነበር። ቁልፉን ተጫነች። ከዚያ የካሜራዋን ጀርባ አየችና ፊቷ ተለወጠ። መጥታ አስጠጋችልኝ።

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። እኔ ከፊት ነኝ፤ የግንባሬ መስመር አንድ በአንድ እንደ ታረሰ ማሳ ይታያል። ከኋላዬ በጨለማው ውስጥ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ያንቺን ቁመት የሚያህል፣ ያንቺን ትከሻ ወደ ቀኝ ዘንበል ያደረገ ሰው ቆሟል። ወጥ ላይ ጨው በዝቶ እንደሆነ ስትጠይቂኝ እንደምትቆሚው። ፊትሽ ብቻ የለም።

ክው አልኩ። «ይቺ ዓይን የቅርቡን ታጠራለች፣ የኋላውን ታደበዝዛለች አባባ፣ ነጠላው ነው» አለችኝ፤ እሷም ግን ፎቶውን ደግማ አየችው። ነጠላው መሆኑን አውቃለሁ። ዞሬም አየሁት፤ ነጠላ ነው። ፎቶው ውስጥ ግን አንቺ ነሽ። እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። የሆነ ቀልድ ፈለግሁ፤ አንድም አልመጣ አለኝ። በአዊኛ የምትሰድቢኝን ያቺን ስድብ ብትሰድቢኝ ብዬ ጠበቅሁ። ቤዛ አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን ያዘችኝ፤ ካሜራው በሁለታችን መሃል እንደ ሕፃን ተኝቷል።

ያኔውኑ እንጨት ክምሩ ላይ ወጥታ «ሰይድ፣ ይቅርታ፣ ዓይኗ አትሸጥም» አለችው። ደህና ሰው ነው፤ ምን ሆንሽ አላላትም። «አያትሽን አላህ ይማራት» ብሎ ዘጋው አለችኝ። ቀዩን ገዛች። ጨለማውስ ስላት በመብራት እችለዋለሁ ብላለች፣ ከሁለት ሰርግ ወዲህም እየቻለችው ነው። ይኸውልሽ፣ ሰርግ ላይ እግሬን አመመኝ እያልሽ በጊዜ የምትመለሺ ሴት፣ አሁን የቆሰበር ሙሽራ ሁሉ በአንቺ ዓይን ይታያል። ያስጠላሽ ካለ ንገሪኝ።

ፎቶውን አሳትማ ሳሎን ሰቀለችው። እንግዳ ሲመጣ ከኋላዎ ያለችው ማናት ይለኛል። ቃሌ ነው ሻረጌ፤ እግሬ ይህን ደፍ እስከረገጠ ድረስ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ከጊደሯ ጀምሬ አንድም ሳላስቀር እነግራለሁ። ማንም ማናት ሳይለኝ ቡናውን ጠጥቶ ቢሄድ እንኳ በሩ ላይ ይዤ እነግረዋለሁ።

አንድ ነገር ግን እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ዋሽቼሻለሁ። ዶሮው እውነት ነው፤ ጊደሯም እውነት ናት። ውሸቱ አጥቤ እንዲደርቅ ሰቀልኩት ያልኩሽ ነው። ነጠላሽ አልታጠበም። ከሄድሽ ወዲህ ውኃ አልነካውም፣ አላስነካውምም። ቤዛ ዓይንሽን ስትወለውል ከሳጥንሽ አውጥቼ ምሰሶው ላይ የሰቀልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ትከሻውን ወደ ቀኝ ያዘነበልኩትም እኔው ነኝ። ቤዛ እስከ ዛሬ አታውቅም። ልጅቷን ላስደነግጥና ዓይንሽን ቤት ላስቀር ነበር ያሰብኩት፤ እኔው ራሴ እደነግጣለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።