የአማቷን ስም ያልጠራችው

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

«የአባወራውን ስም በራሷ አንደበት ያልተናገረች የመድህን አባል በውሉ መሠረት አገልግሎት አይሰጣትም።» የጤና መድህን ጽሕፈት ቤቱ ትእዛዝ ቃል በቃል ይህ ነው። እኔ በምመራው ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ዛሬ ከሰዓት አዋላጇ ሲስተር ምሕረት እየሮጠች መጣች። «ያቺ ነፍሰ ጡር የታለች? ፊቷ አብጧል፣ ዓይኔን ይጋርደኛል ብላኛለች። ካርድ አውጥተሽ ነይ ብያት ነበር።»

ካርድ ክፍል ሄጄ መዝጋቢውን ደሳለኝን ጠየቅኩት።

«የመድህን መታወቂያው በአባወራው፣ በአማቷ ስም ነው ጋሼ። ስሙን ንገሪኝ ስላት አንገቷን ደፋች። መለስኳት።»

«በእኛ አገር ምራት የአማቷን ስም እንደማትጠራ አታውቅም?»

«እናቴም አትጠራም። ኦዲት ሲመጣ ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

መታወቂያው በእጇ ነበር። ስሙም ተጽፎበታል። ማንበብ ለሚችል ሰው ይበቃ ነበር!

ሕመሟ የደም ግፊት ይመስለኛል። ቶሎ ካልታከመች ያንዘፈዝፋታል፤ እሷንም ልጇንም ልናጣ እንችላለን። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሆሳዕና ሄዷል። ዘበኛችን በሞተር ወደ ሌሞ ገጠር የሚወስደውን መንገድ ይዞ በየጋሪው ጠየቀ። የገበያ ቀን ስለሆነ ጋሪው ብዙ ነው። አላገኛትም። ስላልተመዘገበች ቀበሌዋን እንኳ አናውቅም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከአንዱ ቤት የለቅሶ ጩኸት የምሰማ ይመስለኛል።

ነገ ለጽሕፈት ቤቱ የምልከው ይህንን ነው፦ ትእዛዙ ይነሳ። አይነሳም ከተባለ፣ አማቷን አክብራ ዝም ያለች ሴት በየትኛው የውላችን አንቀጽ ሳትታከም እንደምትመለስ እስከ ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ በጽሑፍ ይመለስልኝ።