ለሙሉሽ ሰርግ የበረደው ጠላ

ለተከበሩ ታላቅ እህቴ ለእትዬ አስናቁ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ የሚነሳብዎት ጉልበትዎስ ዘንድሮ እንዴት አደረገዎት? ጋሼ ይኄይስ ደህና ናቸው? ሳሉ ለቀቃቸው? በግቢው ወደዚህ ለመምጣት ተራ የሚጠብቀው ወገን ሁሉ፣ ጎረቤትዎ፣ የጎረቤትዎ ጎረቤት፣ የቤቱ ባለቤት ሳይቀር፣ እንደምን አላችሁ? እኛ የእስራኤል አምላክ ይመስገን በጤና አለን። በጤና አለን ስል ማንም አልሞተም ማለቴ ነው። እኔን ወገቤን፣ ባለቤቴን ስንታየሁን ራሷን፣ ልጆቹን ደግሞ አማርኛቸውን ያማቸዋል። ከዚህና ከናፍቆትዎ በቀር ሌላ ክፉ ነገር የለብንም።

ልጅዎ ሙሉሽ ተዳረች። በስልክ ሰምተዋል፤ ግን ያን ዕለት እርስዎ ሲያለቅሱ እኔ ስጮህ የስልክ ካርዱ አለቀና ምንም ሳንባባል ተለያየን። ስለዚህ የሰርጉን ነገር፣ በተለይም የጠላውን ነገር፣ ከሥሩ ልጻፍልዎት። ጋሼ ይኄይስ ሲያነቡልዎት ሳል ካቋረጣቸው ውሃ ይስጧቸውና ይቀጥሉ። እኔም የምጽፈው ከፋብሪካ ተመልሼ እግሬን ሳፋ ውስጥ ነክሬ ነው፤ ስለዚህ ሁላችንም እየተጋገዝን እንጨርሰዋለን።

የሰርጉ ቀን የተቆረጠ ዕለት ሙሉሽን ምን እንዲደረግላት እንደምትፈልግ ጠየቅናት። የሙሽራው የኦሬን እህቶች ስለ አዳራሹ፣ ስለ ዘፋኙና ስለ ነጩ ቀሚስ ሲከራከሩ ሙሉሽ «ሌላው እናንተ እንዳሻችሁ ይሁን። እማዬ ከሌለች ጠላዋ ይኑር» አለች። እኔ ደግሞ ያውቁኛል፤ ምላሴ ከእኔ ቀድሞ የተወለደ ነው፤ «እኔ እጠምቀዋለሁ» አልኩ። ስንታየሁ ቀና ብላ አየችኝ። በአገራችን ወንድ ጠላ ይጠጣል፣ ስለ ጠላ ይፈርዳል፣ በጠላ ምክንያት ይጣላል፤ ጠላ ግን አይጠምቅም። እሷ ታግዘኛለች ብዬ ነበር። «የእትዬ አስናቁን ጠላ እኔ አልደፍረውም። የተናገረ ይጥመቀው» ብላ ሰው ፊት ጥላኝ ሄደች። በኋላ አዝናልኝ እጇን አስገባች እንጂ።

በሰው የላኩልን ጌሾ ነበረልን። ብቅሉን በረንዳ ላይ አበቀልነው። እስከዚህ ድረስ ጀግና ነበርኩ። ችግሩ የመጣው ከዕቃው ነው። እዚህ እንስራ የለም፣ ጋን የለም፤ ያለው ሰማያዊ የላስቲክ በርሜል ነው። በወግ ይታጠን ብዬ የወይራ ጭራሮ በረንዳው ላይ ባጨስ፣ ከላይ ያሉት ሴትዮ የእሳት አደጋ ጠሩ። ባለ ቆቦቹ ሰዎች ቱቦ እየጎተቱ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው ያገኙት አንድ ደካማ ሰው በርሜል ሲያጥን ነው። በኡልፓን፣ በአዲስ መጤዎቹ የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ከተማርኩት ዕብራይስጥ ውስጥ ይህን የሚያስረዳ ቃል አላገኘሁም። ሻይ ጠጥተው ሄዱ። በርሜሉ ግን በአንድ ወገኑ ቀልጦ ነበር።

የመጀመሪያውን እንደ እርስዎ ጠመቅኩት። ኮምጣጤ ሆነ። ስንታየሁ መስኮት ወለወለችበት፤ እውነት ለመናገር መስኮቱ አምሮበታል። ለሁለተኛው ሁሉንም በትልቅ ብረት ድስት አፍልተን፣ እስኪበርድ ጠብቀን፣ ከዚያ ጥንስሱን ልንጨምር ተስማማን። እትዬ፣ በዚህ አገር ነገር አይበርድም። ሲመሽ የለቀቅነው ሲነጋ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ለብ ብሎ ይጠብቀናል። በትኩሱ ከጨመሩት ጥንስሱ ይሞታል፤ ከጠበቁት ደግሞ ጥንስሱ ሳይገባበት ራሱ ይኮመጥጣል። ለካ ያን ሁሉ ዘመን ጠላውን ግማሹን ይጠምቅ የነበረው የጎንደር ብርድ ኖሯል፤ እኛ ምስጋናውን በሙሉ ለእርስዎ ስንሰጥ ኖርን። አይቆጡኝ፤ ደክሞኝ ነው። ሁለተኛውም ተደፋ። የቀረን ጌሾ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ሆነ። ሙሉሽ ሲደፋ አይታ ድስቱን ወስዳ አጠበችው፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

በጨርቅ ፋብሪካው ከእኔ ጋር ጋሪ የሚገፋ ቫዲም የሚባል ሰው አለ። ከሩሲያ የመጣ ነው፤ በአገሩ ድልድይ ይሠራ ነበር፣ እዚህ ከድልድይ ጋር ያለው ግንኙነት በሥሩ ማለፍ ብቻ ነው። ዕብራይስጡ እንደ እኔው ስለሆነ ፍጹም እንግባባለን። ኀዘኔን ነገርኩት። ለካ እሱም በወጥ ቤቱ ለራሱ ቢራ ይጠምቃል። በአንድ ቀን ከወንድም አልፎ ዘመድ ሆንን። «አንተ ጠላ አላበላሸህም፤ ማቀዝቀዝ ነው ያቃተህ። የፈላው በፍጥነት መብረድ አለበት፤ ካዘገየኸው ሌላ ነገር ቀድሞህ ይገባበታል» አለኝ። በማግስቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ብረት አመጣልኝ።

ዕቃውን ላስረዳዎት። ስስ የብረት ሉሆች እንደ ቂጣ ተደራርበው ዳርና ዳሩ በብሎን ታስሯል። በአንዱ ቀዳዳ ትኩሱ ጠላ ይገባል፣ በሌላው ቀዝቃዛ ውሃ። በሉሆቹ መካከል አንዱ ሽቅብ ሌላው ቁልቁል እየተላለፉ፣ ሳይነካኩና ሳይቀላቀሉ፣ ውሃው የጠላውን ትኩሳት ወስዶ ይወጣል። እኛና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች ማለት ነው፤ ግለን እንገባለን፣ በርደን እንወጣለን፣ እነሱ ይግላሉ፣ ግን በመካከላችን አንድ ነገር አልተላለፈም። ቫዲም ብረቱን ያገኘው የተዘጋ የወተት ፋብሪካ ዕቃ ከገዛ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ነው። ወተት ያበረደ ጠላ ማብረድ አያቅተውም አለኝ። እኔም አያቅተውም አልኩ። ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች ቃል ነው።

ብሎኑን ፈትተን ሉሆቹን ስንለያይ ነጭ ቅርፊት ይዟቸዋል። ስንታየሁ አይታ «ይኼ የዚህ አገር ውሃ የሚተወው ድንጋይ ነው፤ የእኛም ማንቆርቆሪያ እንዲህ ነው» አለች። ማንቆርቆሪያችንም በእርግጥ እንዲህ ነው። ፈገፈግነው፣ የወጣው ወጣ፣ ያልወጣውን ተውነው።

ያን ዓርብ ጠዋት ሥራው ተጀመረ። ቫዲም በቁምጣ፣ እኔ በላብ። የቧንቧው ውሃ ራሱ ለመታጠቢያ የሚሆን ሙቅ ነበርና ከዓሣ ነጋዴው በረዶ አምጥተን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ሞላን፤ የውሃውን ጎማ በበረዶው መካከል ጠምዝዘን አሳለፍነው። ትኩሱን ለቀቅነው። ጥቂት ጠብ ጠብ አለና ቆመ። የጌሾው ቅጠል በሉሆቹ መካከል ገብቶ ዘግቶታል። ቫዲም በሩሲያኛ ተናገረ፤ ቋንቋውን ባላውቅም የተናገረው ገባኝ። እንደገና ተፈታ፣ እንደገና ታጠበ። በመጨረሻ ስንታየሁ አሮጌ ነጠላዋን አውጥታ «በዚህ አጥልላችሁ ልቀቁት፤ ሁለት ወንዶችን አንድ ቅጠል አሸነፋችሁ» አለች። በነጠላው አጠለልን። እትዬ፣ በዚያ ወገን ሲፈላ የገባው በዚህ ወገን እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቅዞ ወጣ። እጄን ከሥሩ አድርጌ ቆየሁ። ጥንስሱን ጨመርን፤ ሰንበት ሲወጣ በርሜሉ ላይ ጆሮዬን ብጥል ይንሾካሾካል።

ጠላው ከደረሰ በኋላ የሙሽራው አባት አባ አግደው ሊቀምሱ መጡ። ያውቋቸዋል፤ የአርማጭሆው አግደው፣ ምስጋና እንደ መድኃኒት በጠብታ የሚሰጡት። ጠጡ፣ ደገሙ፣ «ይህ ጠላ ነው» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ዘፍኖ ነበር። እኔም በዚህ ደስታ ሰክሬ በረንዳውን አሳየኋቸው፤ ብረቱን፣ ሉሆቹን፣ የወተት ፋብሪካውን ሁሉ በኩራት ተረኩላቸው። ብርጭቆውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። «ወተት ነው ያልከው?» አሉኝ። ለሰርጉ የምናርደው በሬ ከታዘዘ ቆይቷል፤ በዚህ አገር ሕግ ደግሞ ሥጋና ወተት አይገናኙም።

ወደ ሰፈራችን ረቢ ሄድን። ትኩስ ሆኖ ነው ወይ ያለፈው አሉ። አዎን አልኩ። የወተት ቅሪት ነበረበት ወይ አሉ። ነጩን ቅርፊት ነገርኳቸው። ረቢው አሰቡ፣ መጽሐፍ ገለጡ፣ አዘኑልኝም። ጠላው ንጹሕ ነው፣ ግን ሐላቪ ነው አሉ፤ የወተት ወገን ሆኗልና ከሥጋ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርብም ማለታቸው ነው። ከአገር ቤት የመጡት ቄሳችን ሲሰሙ «ጠላ ጡት የለው፣ ከየት ታለበ?» ብለው ሳቁ፤ ኋላ ግን የአገሩን ሕግ እናክብር አሉ። እኔ በዕድሜዬ ጠላ ሲኮመጥጥ፣ ሲቀጥን፣ ሲደፋ አይቻለሁ፤ ላም ሲሆን ያየሁት እዚህ ቂርያት ጋት ነው።

አባ አግደው ቤታችን ተቀምጠው ፈረዱ። ጠላው ይደፋ፣ ቢራ ይገዛ፤ ሥጋ የሌለው ድግስ ተዝካር ነው እንጂ ሰርግ አይደለም፤ የጋይንትና የአርማጭሆ ሰው ሁሉ ከየከተማው ተጠርቶ ሽሮ ላብላው ወይ አሉ። ሌላ ጌሾ የለም፣ ጊዜም የለም፣ እኔም አቅም የለኝም። ይደፋ ልል አፌን ስከፍት ሙሉሽ የኦሬንን ሸሚዝ ከምትተኩስበት ሳትዞር «አባባ፣ ሥጋ በየሱቁ አለ። የእናቴ ጠላ የት ይሸጣል?» አለች።

አባ አግደው በለሰለሰ ድምፅ፣ ልጄ፣ እናትሽ መች ጠመቀችው፣ ይህ የአጎትሽ ሥራ ነው አሏት። ያኔ ዞረች። «ጌሾውን በእጇ ቀጥፋ፣ በእጇ አድርቃ ነው የላከችው። በዚህ ሰርግ ላይ እጇ ያረፈበት ሌላ ነገር የለኝም» አለች። አላለቀሰችም። ካውያውን ብድግ አድርጋ መተኮሷን ቀጠለች። አባ አግደው የገዛ ልጁን እንደሚሸኝ ሰው፣ «በሬው ይቅር» አሉ። በር ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ነገር ጨመሩ፤ ቢያንስ ዓይን ያለው ነገር ይቅረብ አሉ። በዚህ ምክንያት ዓሣ ተጠበሰ።

የአዳራሹ ሰርግ በወጉ አለፈ። በማግስቱ በሕንጻዎቹ መካከል ዳስ ተጣለ። ስንታየሁ ወተት ከሆንን አይቀር ብላ ሽሮውን በቅቤ አጥለቀለቀችው። እንግዳው ማዕዱን እያየ በሹክሹክታ ተቀባበለው። አንዷ ሙሽራዋ ኀዘን አለባት እንዴ አለች፤ ሌላዋ አይ፣ ጾም ነው፣ ሰርጉን በጾም አዋሉት አለች። አንድ ሽማግሌ ድስቱን ሁሉ ከፍተው ዘጉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር፤ የመዋጥ ጉልበት ካላት።

ከዚያ አባ አግደው ተነሱ። «የሙሽራዋ እናት አዲስ አበባ ተራ እየጠበቀች ነው። የዚህ ጠላ ጌሾ ከእጇ የመጣ ነው። ሥጋና ይህ ጠላ በአንድ ማዕድ አይሆኑም ተባልን፤ መረጥን» ብለው ተቀመጡ። መረጥን ነው ያሉት፤ ሰምተውልኛል? እዚያ ከተቀመጠው ውስጥ አዲስ አበባ ሰው ያልቀረበት ማን አለ? አንዱ እናቱን፣ አንዷ ወንድሟን። እኚያ ድስት ሲከፍቱ የነበሩት ሽማግሌ ብርጭቆ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ሥጋ ያነሳ ሰው አልሰማሁም። እየጠጡ እያንዳንዱ የራሱን ሰው ስም ያነሳ ነበር። የእርስዎም ስም ብዙ ጊዜ ተነሳ፤ ጆሮዎ ሳያቃጭልብዎት አልቀረም።

ሙሉሽ መጨረሻ ላይ ጠጣች። እኔ ፊቷን እያየሁ ቆምኩ። ቀመሰች፣ አሰበች፣ «አጎቴ፣ የእማዬ አይደለም» አለችኝ። በዚህ አገር ሐኪምም አለቃም ጸሐፊም ፈርዶብኛል፤ እንዲህ ፈጥኖ የፈረደብኝ የለም። ምን ጎደለው ብላት «አላውቅም። እሷ ብትቀምሰው ታውቀው ነበር» አለች። ከዚያ እስከ ታች ጠጥታ ብርጭቆውን እንድደግምላት ዘረጋችልኝ።

ዳሱ ሲፈርስ አባ አግደው አጠገቤ ተቀምጠው፣ እግዜር ቢፈቅድ ለልጅ ልጃችን ልደት ማን ይጠምቃል አሉኝ። እኔ ጨርሻለሁ፣ ብረቱንም ለቫዲም መልሻለሁ፣ ጠማቂዋ በመንገድ ላይ ናት አልኳቸው። ብትዘገይስ አሉ። ብትዘገይ ልጁ በውሃ ይወለዳል፤ እሷን ተክቼ ሁለተኛ አልጠምቅም አልኳቸው። ይህ የእኔ ቃል ነው እትዬ፤ የሚቀለብሱት እርስዎ መጥተው ብቻ ነው።

ለጋሼ ይኄይስ ጤና ይስጥልኝ፤ ሳሉን እዚያው ትተውት ይምጡ። ለመብራት፣ እህቷ ነጩን ቀሚስ አስቀምጣላታለችና እንዳትወፍር ይንገሩልኝ። ለእማማ ጥሩነሽ እግራቸውን ስሜያለሁ፤ ጌሾውን ስላደረሰው ሰውዬም አምላክ መንገዱን ያቅናለት። ስንታየሁ እጅ ትነሳለች። ኦሬን አማርኛዬ ሲበረታ ራሴ እጽፋለሁ ብሏል፤ ብዙ አይጠብቁት። ሙሉሽ ጉልበትዎን ትስማለች፤ እኔም እንዲሁ።

ታናሽ ወንድምዎ
ሰጠው

ቂርያት ጋት፣ እስራኤል
ነሐሴ 20 ቀን 1985 ዓ.ም.